የጃፓን ሸክላ እንደ ጀበና ይሟሻል እንዴ?

ብርዱ ልማዴ (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ቤተሰብ፣ አጎቴ ከጃፓን ሲመለስ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጣቸውን የሚቀዱባት ትንሽዬ ሸክላ አመጣልኝ፣ ቶኩሪ ነው ስሟ፣ የቢዘን ሥራ ናት አለኝ። በእጅ የተሠራች ናት፣ የሚያብረቀርቅ ቅብ ምናምን የላትም፣ ባንዱ ጎኗ ቢጫ ነጠብጣብ አለባት በሌላው ደግሞ ቀይ ሰንበር። ይሄ ብልሽት ነው ወይስ ሆን ተብሎ ነው? እማዬ ደሞ ካልተሟሸች ታንጠባጥባለች ብላ ዘይት ልትቀባት ተነስታለች፣ እኔ አረቄ ልቀዳባት ነበር ያሰብኩት

የአንኮበር ሸክላ
ኧረ በናትህ ዘይቱን አስቁማቸው!! የኛ ጀበና ሜዳ ላይ በኩበትና በእንጨት ለአጭር ጊዜ ነው የሚቃጠለው፣ ስለዚህ ሰውነቱ ውሃ ይመጥጣል፣ የምናሟሸውም ለዛ ነው። ቢዘን ኦካያማ የሚባል የጃፓን ግዛት ነው የሚሠራው፣ እዛ ምድጃ ውስጥ ከትተው በጥድ እንጨት ሳምንት ከዛም በላይ ሌት ተቀን ያነዱበታል፣ ሙቀቱ 1,200 ዲግሪ ይደርሳል ያልፋልም፣ ጭቃው ድንጋይ ሆኖ ነው የሚወጣው። ቢጫው ነጠብጣብ የእንጨቱ አመድ በኖ አርፎባት እዛው ቀልጦ መስታወት የሆነ ነው፣ ቀዩ ደግሞ እቃዎቹ እንዳይጣበቁ የሚጠቀልሉበት የሩዝ ጭድ ነው፣ ጭዱ ውስጥ ያለው ነገር ከአፈሩ ብረት ጋር ሲገናኝ ይቀላል። ብልሽት አይደለም፣ እንደውም ሰው የሚገዛው እሱን ብሎ ነው

መንዜው
እኛም በጤፍ ጭድ ጠቅልለን እንሞክራ 😂

የአንኮበር ሸክላ
@መንዜው በኩበት እሳት አመድ ብቻ ነው የምታገኘው ወንድሜ፣ ሙቀቱ እዛ አይደርስም

ጣርማበር
አረቄ ችግር የለውም ግን ቅብ ስለሌላት ሽታ ልትይዝ ትችላለች፣ ለአረቄ ካልክ ለአረቄ ብቻ ትሁን፣ በሳሙናም አትሽ፣ በውሃ አለቅልቀህ ገልብጠህ በደንብ አድርቃት። ሳኬን እነሱ አሙቀውም ይጠጡታል፣ ግን ቶኩሪዋን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁመው ነው እንጂ እሳት ላይ አይጥዷትም፣ አንተም እንደ ጀበና ከሰል ላይ እንዳትጥዳት ትሰነጠቃለች። በደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ ቀዝቅዛ ባደረችበት የፈላ ውሃ መገልበጥም ያው ነው

ብርዱ ልማዴ (ደብረ ብርሃን)
ተባረኩ፣ ዘይቱ ወደ ሽሮው ተመልሷል። ጠጅስ?

ጣርማበር
አንገቷ ጠባብ ነው፣ ማሩ ውስጧ ከደረቀ በምን ታጥባታለህ? አረቄው ይሻልሃል፣ ስትቀዳ ጥራኝ ጠባሴ ሰፈር ነኝ