ጅማ ላይ ለሴቶች ጤና ምኑን ከገበያ፣ ምኑን ከፋርማሲ፣ ምኑን ከጤና ጣቢያ እንውሰድ?

ከሁለት ሳምንት በፊት በሥራ ዝውውር ወደ ጅማ የመጣች አንዲት እህት፣ ጥሩ አብሽና ጥቁር አዝሙድ ከየት እንደሚገዛ፣ የወይባ ጢስ የሚያዘጋጁ ቤቶች ይታመኑ እንደሆነ፣ ለወር አበባ ሕመምም ከኪኒን በፊት ምን ቢሞከር እንደሚሻል ጠይቃኝ ነበር። በአጭሩ ከመለስኩላት በኋላ የተውኩት ነገር መብዛቱ ስለከነከነኝ፣ ለእሷም ለሌሎች እህቶችም ይጠቅማል ያልኩትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ከሁሉም አስቀድሜ የምጠቁመው ከገበያ የሚገዛ ነገር አይደለም፤ የደም ምርመራ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ለወራት ያልለቀቀ ድካም ነበረብኝ። ከቤቴ እስከ ዋናው መንገድ ያለችውን አጭር ዳገት ሳላርፍ መውጣት ያቅተኝ፣ ከተቀመጥኩበት ስነሣም ዓይኔን ያጨልመኝ ነበር። የባህል መድኃኒት ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ ገብቼ ስናገር፣ ሻጩ ብዙም ሳይጠይቀኝ «የማህፀን ብርድ ነው» ብሎ በአሮጌ የማዮኔዝ ብልቃጥ የተሞላ ቡናማ ዱቄት ሰጠኝ። ብልቃጡ ላይ ምን ከምን እንደተቀላቀለ፣ መቼ እንደተፈጨ፣ ስንት ማንኪያ እንደሚወሰድ የሚናገር አንዲት ፊደል አልነበረችም፤ የማዮኔዙ ወረቀት ግማሹ ተልጦ ግማሹ እንደተጣበቀ ነበር። ጠዋት ጠዋት በማር እየለወስኩ ሦስት ወር ሙሉ ወሰድኩት። በመጨረሻ ደሜ ሲለካ ሄሞግሎቢኔ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) 8.2 ሆኖ ተገኘ። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ከ11 ሲያንስ የደም ማነስ ይባላል። ምክንያቱም ብርድ ሳይሆን የወር አበባዬን ሲያበዛው የቆየ፣ ማዮማ የሚባለው የማህፀን እጢ ነበር። ያንን ዱቄት ዓመት ሙሉ ብወስደው ኖሮ እጢው በቦታው ይቆይ፣ ደሜም እየወረደ ይሄድ ነበር።

ስለዚህ ድካም፣ ማዞር፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም የፀጉር መነቃቀል ያለባት ሴት መጀመሪያ በሰፈሯ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን ታስለካ። የግል ክሊኒክ ወረፋው ያጥራል፣ ወጪው ግን ይበዛል፤ ለዚህ ተራ ምርመራ ጤና ጣቢያው ይበቃል ባይ ነኝ። የወር አበባዋ ከሰባት ቀን የሚያልፍ፣ ሞዴሷ በየአንድና ሁለት ሰዓቱ የሚርስባት ወይም ትልልቅ የረጋ ደም የምታይ ከሆነ ግን የአልትራሳውንድ ምርመራ ስለሚያስፈልጋት፣ ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚወስዳትን የሪፈር ወረቀት ትጠይቅ።

የደም ማነስ ከታወቀ በኋላ ምግብ ትልቅ ድርሻ አለው፤ የእኛ ከተማ አንድ ልማድ ግን ሥራውን ያበላሽበታል። ጅማ ላይ ምሳ ተበልቶ እጅ ሳይደርቅ ቡና ይቀርባል። ቡናም ሆነ ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጣ፣ ሰውነታችን ከጤፍ፣ ከምስርና ከጎመን የሚያገኘውን ብረት እንዳይወስድ ያግደዋል። ቡናን ተዉ የምል ሰው አይደለሁም፤ ጀበናው ከማዕዱ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ይራቅ ነው የምለው። ከምስሩ ጋር ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ ቢቀርብ በተቃራኒው የብረቱን መመጠጥ ያግዛል። ቀይ ጤፍ ብቻውን ደም ይሞላል የሚለውን ግን እንዳለ አትቀበሉት፤ ጤፍ ላይ ከሚለካው ከፍተኛ የብረት መጠን ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር የሚገባ ስለሆነ ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። በደንብ የቦካ እንጀራ ካልቦካ ቂጣ እንደሚሻል ግን የታወቀ ነው፤ መቡካቱ ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ይቀንሰዋል። ሄሞግሎቢን እንደኔ በጣም ሲወርድ ምግብ ብቻውን አይደርስም፤ በሐኪም የታዘዘው የብረት ኪኒን ከቡና ርቆ ሊወሰድ ይገባል። ሰገራን ቢያጠቁር አትደንግጡ፣ የኪኒኑ ጠባይ ነው።

ወደ ገበያው ልመለስ። ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ስሙ የወጣው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ፣ ለአብሽ፣ ለጥቁር አዝሙድ፣ ለተልባ፣ ለኮረሪማና ለዝንጅብል ከየትኛውም ሱፐርማርኬት እመርጠዋለሁ፤ ምክንያቱም ያልተፈጨ ፍሬ በዓይን አይቶ፣ በእጅ ዳብሶ፣ አሽትቶ መግዛት ስለሚቻል ነው። ለዓመታት የምገዛላቸው እናት አብሻቸውን ከማዳበሪያው በጣሳ ዘግነው ሰፌድ ላይ ያፈሱልኛል፤ ጣቴን አስገብቼ ሳገላብጠው ጠጠርና የነቀዘ ካለ ወዲያው ይታያል፣ ጥሩ አብሽ ደግሞ ወርቅማ ሆኖ ጥርስ ላይ ይጠነክራል። ተፈጭቶ የታሸገው ምቹ ነው፣ ነገር ግን ከምን ጋር እንደተፈጨ ማወቅ አይቻልም። አምስትና ስድስት ነገር ተቀላቅሎ «ለሴቶች» ተብሎ የሚሸጠውን ዱቄት ከዚያ ብልቃጥ በኋላ ለማንም አልጠቁምም። ማርን በተመለከተ በክብሪት ወይም በውኃ ተፈትኖ ይለያል የሚባለው አያስተማምንም፤ ከጌራም ይምጣ ከሊሙ፣ ከነሰፈፉ ከሚሸጥ የታወቀ ሰው መግዛት ይሻላል። ማር ለጉሮሮ ይረዳል፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን በጣት ጫፍ እንኳ አይላስለት፤ አደገኛ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል።

አብሽ የደም ስኳርን በመጠኑ እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ለዚህም ነው የስኳር መድኃኒት የምትወስድ እህት አብሹን በየቀኑ ስትጠጣ ለሐኪሟ መንገር ያለባት፤ ሁለቱ ተደርበው ስኳሯን ከልክ በታች ሊያወርዱት ይችላሉ። የእናት ጡት ወተት ይጨምራል የሚለው ግን ማስረጃው ደካማ ነው፤ ወተትን ከሁሉ በላይ የሚጨምረው ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ መጥባቱ ነው።

ለወር አበባ ሕመም ደጋግሜ የምጠቁመው ሙቀትንና ዝንጅብልን ነው። ሙቅ ውኃ የሚሞላበት የላስቲክ ከረጢት ከፋርማሲ ይገኛል፤ በፎጣ ጠቅልሎ እምብርት ሥር ማስቀመጥ ብቻ ነው፣ ሙቀት በጥናት ከሕመም ማስታገሻ ጋር ሲወዳደር ጥሩ ውጤት ያሳየ ዘዴ ነው። ዝንጅብል ደግሞ ጥናቶቹ ላይ የተሰጠው በቀን ከ750 እስከ 2,000 ሚሊ ግራም ዱቄት ሲሆን፣ በወር አበባ የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት ሕመምን እንደሚያስታግስ ተመዝግቧል፤ አንዲት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ወደ ላይኛው መጠን ትጠጋለች። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ሴት ግን ዝንጅብልን በዚህ መጠን ያለ ሐኪም ምክር አትጀምር። በዚህ ካልበረደ አይቡፕሮፌን ምግብ ከተበላ በኋላ፣ ሕመሙ ገና ሲጀምር መውሰድ ነውር የለበትም፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ላለባትና ለነፍሰ ጡር ግን አይሆንም። ከዓመት ዓመት እየባሰ ከሥራና ከትምህርት የሚያስቀር ሕመም ሲሆን ደግሞ «ስትወልጂ ይተውሻል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ምርመራ ይፈልጋል።

ስለ ወይባ የምለውን በጥንቃቄ እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። ሙቀቱ ሰውነትን ያፍታታል፣ መዓዛው ደስ ይላል፣ ሴቶች ተሰብስበው የሚያርፉበት ሰዓትም ነው፤ ለዚህ ብላ የምትሄድን እህት አልከለክልም። ኢንፌክሽን ያድናል፣ እጢ ያሟሽሻል፣ ማህፀን ያጥባል የሚለው ግን ሐሰት ነው። ቤቶቹን ሳወዳድር መጀመሪያ የማየው መስኮቱን ነው፤ ፍሙ ተዳፍኖ በተዘጋ ክፍል ውስጥ መቀመጥ በከሰል ጢስ መታፈንን ያስከትላል፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረም ወዲያው ወደ ነፋስ መውጣት ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡሮች፣ ወልደው ስፌታቸው ያልዳነና የደም ግፊት ያለባቸው ቢተዉት ይሻላል።

በዚሁ አንጻር ብልትን በሎሚ፣ በጨው ውኃ፣ ሽቶ ባለው ሳሙና ወይም በተቀቀለ ቅጠል ውስጡን ማጠብን አልጠቁምም። የሴት ብልት ውስጡን ራሱ የሚያጸዳ አካል ነው፤ ውስጡ የሚኖሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሲዳማነቱን ጠብቀው ከበሽታ ይከላከሉታል፣ አጥበን ስናስወጣቸው በር ከፍተን እንደመስጠት ነው። ለውጪው ንጹሕ ውኃ ይበቃል። ፈሳሹ ቀለሙ ሲለወጥ፣ ሲሸት ወይም ሲያሳክክ ምርመራ እንጂ ቅጠል አይፈለግም።

ስለ ንጽህና መጠበቂያ አንድ የአገራችን ነገር ላንሳ። ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ ባቋቋመችው ፋብሪካ ታጥቦ ዳግም የሚያገለግል የጨርቅ ሞዴስ ታመርት ነበር፤ በዚህ ሥራዋም እ.ኤ.አ. በ2019 የሲ.ኤን.ኤን. የዓመቱ ጀግና ተብላለች። የጨርቁ ዓይነት በጊዜ ብዛት ከሚጣለው በጣም ይረክሳል፣ ቆዳዬንም አላስቆጣውም። የጅማ ዝናብ ግን ከበልግ እስከ ክረምት መጨረሻ ስለሚዘልቅ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ፈተና ነው፤ በእርጥበቱ የተለበሰ ጨርቅ ደግሞ በሽታ ይጋብዛል። እኔ ከመጋቢት እስከ መስከረም ድረስ በካውያ አድርቄ ነው የምለብሰው፤ መብራት በሚጠፋበት ሳምንት ወደሚጣለው እመለሳለሁ። ብልት ውስጥ ገብቶ የወር አበባውን ደም የሚያጠራቅመው፣ ከሲሊኮን የሚሠራው ጽዋ ይህ ችግር የለበትም፤ በየወሩ ተቀቅሎ ለዓመታት ያገለግላል፣ ለመልመድ ግን ሁለትና ሦስት ወር ይወስዳል።

ነፍሰ ጡር ለሆናችሁ ወይም ለማርገዝ ለምታስቡ በልዩ የማሳስበው ጤና አዳምን ነው። እዚህ አካባቢ ቅጠሏን ቡና ውስጥ ማስገባት የተለመደ ነው፤ ማህፀንን እንዲኮማተር ስለምታደርግ ግን በእርግዝና ጊዜ ከሲኒው ትውጣ። ፌጦና በብዛት የሚጠጣ አብሽም እንዲሁ ይቆዩ፤ ኮሶማ ጨርሶ አይነካ። በአፋን ኦሮሞ ቆሪቻ ሚቺ የምንለውን ዳማከሴንም ለምች ብላችሁ ጨምቃችሁ ከመጠጣት ይልቅ በእርግዝና ጊዜ ለትኩሳት ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ጅማ ወባ ያለባት ከተማ ናት። ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ከማርገዝ በፊት ቢጀመር ከጽንሱ የአንጎልና የአከርካሪ አፈጣጠር ችግር ይከላከላል፤ ይህን የሚተካ ቅጠል የለም። የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። ሆድን አሽተው ጽንስ እናስተካክላለን ለሚሉ ግን ሆዳችሁን አትስጡ። አራስ ቤት ከገባችሁ በኋላ አጥሚቱም ገንፎውም ጥሩ ነው፣ ኃይል ይሰጣል፤ ቅቤው የነጠረ ይሁን።

ሲስቁና ሲያስሉ ሽንት ለሚያመልጣቸው እናቶች፣ ሽንት እንደመያዝ አድርጎ የዳሌን ጡንቻ አጥብቆ እስከ አምስት ድረስ መቁጠርና መልቀቅ፣ ይህንንም በቀን ሦስት ጊዜ አሥር አሥር መደጋገም ያለ አንዳች ወጪ የሚሠራ ሕክምና ነው፤ ለውጡ የሚታየው ግን ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ነው። ከወሊድ በኋላ ሽንት ሳያቋርጥ የሚፈስባት ካለች ፊስቱላ (በሽንት ፊኛና በብልት መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ) ሊሆን ስለሚችል ቤት ተዘግቶ የሚታፈር ነገር አይደለም፤ መቱ ላይ የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለ።

ጠያቂዋ እህት 34 ዓመቷ ነው። በአገራችን የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ የሚመከረው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ስለሆነ፣ ሐሙስ ወደ ሂርማታ ከመውረዷ በፊት ረቡዕ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ጎራ ብላ ደሟንም እሱንም በአንድ ካርድ እንድትጨርስ ነግሬያታለሁ። ለአብሹ አብሬያት እሄዳለሁ፤ እኚያ እናት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በቦታቸው ይገኛሉ።