የኩላሊትን መልሶ የመምጠጥ ሥራ በክፍል ውስጥ በምን ላሳይ?

ባሕር ዳር የባዮሎጂ መምህር ስሆን፣ የተሟላ ቤተ ሙከራ ስለሌለን የኩላሊትን ሥራ የማስተምረው ከቤት በማመጣቸው ዕቃዎች ነው። ከጣና ዳርቻ በክረምት ጎርፍ የደፈረሰ ውሃ ቀድቼ የግሉኮስ ዱቄት ከሟሟሁበት በኋላ፣ በተቆረጠ ፕላስቲክ ጠርሙስ አፍ ላይ ባሰርኩት ድርብ ጨርቅ አጣራሁት። አብዛኛው ደለል ልክ እንደ ደም ሴሎችና ፕሮቲኖች ከላይ ቀረ፤ እስከዚህ ድረስ ትምህርቱ ሠምሮ ነበር። ይሁን እንጂ የተጣራውን ፈሳሽ በስኳር መመርመሪያ ወረቀት ስንፈትሸው ወረቀቱ ቀለሙን ለወጠ፤ እናቷ የስኳር ሕመም ያለባቸው አንዲት ተማሪም «ታዲያ የሁላችንም ሽንት ስኳር አለበት ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም አጣርተው፣ ግሉኮሱን በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን፣ ውሃውንም አብዛኛውን ወደ ደም እንደሚመልሱና ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ተኩል ሊትር ገደማ ብቻ መሆኑን በቃል አስረዳኋት፤ ነገር ግን ልጆቹ በዓይናቸው ያዩት ተቃራኒውን በመሆኑ አልፈርድባቸውም። ደረቅ ሽምብራ በፈሳሹ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኩ፤ ሽምብራው በዋናነት ውሃውን መጠጠና ወረቀቱ ጭራሽ ደመቀ። የተፈጨ ከሰልም ሞከርኩ፤ ከሰል ግን የያዘውን በራሱ ላይ ያስቀራል እንጂ እንደ ኔፍሮን (ደም የሚያጣራው ጥቃቅን የኩላሊት ክፍል) ቱቦ መርጦ ወደ ደም አይመልስም።

ግሉኮስ ከተጣራው ፈሳሽ ተለይቶ ወደ ደም ሲመለስ ተማሪዎች በዓይናቸው እንዲያዩ፣ ከገበያ በቀላሉ በሚገኝ በምን ዓይነት ዕቃ ልሥራው?