ፓርክ ውስጥ ውሻ የሚለቀቅበት ቦታ፦ ጭቃው፣ ሽታው፣ የተቃጠለው ሣር... ከየት እንጀምር?

የቀሃ ሰፈር፦
ሰላም ጎንደሬዎች። በሰፈራችን ፓርክ 40 በ25 ሜትር የሚሆን ጥግ ታጥሮ ውሻ ፈትቶ ለማጫወት ተፈቅዷል። ጠዋትና ማታ እስከ 15 ውሻ ይገባል። አፈሩ ዋልካ ነው፣ መሬቱም ወደ ቀሃ ወንዝ ያዘቀዝቃል። በበጋ ሣሩ ክብ ክብ እየሆነ ተቃጠለ፤ አሁን በሐምሌ ደግሞ በሩ ላይ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰጥማል። ከአጥሩ ማዶ ልጆች በባዶ እግራቸው ኳስ ይጫወታሉ። ባለቤት የሌላቸው ውሾችም በአጥሩ ሥር ቆፍረው ይገባሉ። ኖራ እንበትንበት የሚሉ አሉ፣ ይዘጋ የሚሉም አሉ። እኛ እንዲዘጋ አንፈልግም።

የእንስሳት ሐኪም፦
ከሰገራው ጀምሩ፤ ሌላው ሁሉ ይቆያል። የውሻ ወስፋት እንቁላል እንደወጣ ወዲያው ሰውን አይይዝም፤ አፈር ላይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት መቆየት አለበት። ስለዚህ በዕለቱ የተነሣ ሰገራ ጉዳት ሳያደርስ ይቀራል። ያልተነሣው ግን በዝናብ ተበትኖ አፈር ውስጥ ከገባ ለዓመታት ይቆያል፤ ኖራም ሆነ በረኪና አይገድለውም። የኖራው ገንዘብ ለአካፋ፣ ለባልዲና ለጓንት ይዋል። ሁክወርም የሚባለው ሌላው የአንጀት ትል ደግሞ በእርጥብና ሞቃት አፈር በሳምንት አካባቢ ውስጥ ቆዳ ሰርስሮ ለመግባት ይደርሳል፤ የልጆቹ ባዶ እግር የሚያሳስበው ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚለየው ከበግና ከከብት ሳንባና ጉበት የሚመጣው ትንሹ የኮሶ ትል ነው። የእሱ እንቁላል ከውሻው እንደወጣ ወዲያው ሰውን ይይዛል፤ ስለዚህ ማንሣት ብቻውን አይበቃም። በፋሲካና በገና እርድ የውሃ ከረጢት ያለበትን ሳንባና ጉበት ለውሻ አትጣሉ፣ ቅበሩት። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። ትሉን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል፣ ከተሰጠ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውሻው ፓርክ አይምጣ፣ ሰገራውም ይቀበር። ለወስፋት አዋቂ ውሻ በየ3 ወሩ መድኃኒት ይወስዳል። ቡችሎች ከሁሉ በላይ እንቁላል ስለሚያራቡ ክትባታቸውንና መድኃኒታቸውን ሳይጨርሱ አይግቡ።

ባለአትክልት፦
በሩን አሁን ጠጠር አታልብሱት! እርጥብ ዋልካ ላይ የፈሰሰ ጠጠር ተውጦ ይቀራል፣ ገንዘባችሁም አብሮ። ለጊዜው የባሕር ዛፍ አጣና ጎን ለጎን ደርድሩና መረማመጃ አድርጉ። ከላይ በኩል የሚመጣውን ውሃ በቦይ ወደ ጎን መልሱ፤ ግማሹ ጭቃ ከዚያ የሚመጣ ነው። ቦዩ ግን በቀጥታ ቀሃ ውስጥ አይግባ፣ ሣር ባለበት ሜዳ ላይ ይበተን።

ጥቅምት ላይ መሬቱ ሲጠነክር ከበሩ 4 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ 20 ሴ.ሜ ቆፍራችሁ ዋልካውን አውጡ። ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈርና ጠጠርን የሚለይ ጨርቅ) ካልተገኘ የማዳበሪያ ከረጢት ቀድዳችሁ ጠርዙን በ30 ሴ.ሜ እያደራረባችሁ አንጥፉ። ከዚያ 15 ሴ.ሜ 02 (ትልቁን) ጠጠር ረግጣችሁ ላዩን 5 ሴ.ሜ 00 (ደቃቁን) አልብሱ። 01 (መካከለኛው) ላይ ላዩን አይሁን፣ መዳፋቸውን ይቆርጣል። ተዳፋቱ በሜትር 2 ሴ.ሜ ይበቃል።

የተቃጠለው ሣር ከሽንት ናይትሮጅን ነው። መካከሉ ደርቆ ዙሪያው ከሌላው ይበልጥ ከለመለመ ምልክቱ ያ ነው፤ ጥቂቱ ማዳበሪያ ሲሆን ብዙው ያቃጥላል። በበጋ በር ላይ አንድ በርሜል ውሃና ጣሳ ይቀመጥ፣ ውሻው እንደሸና የሽንቱን 3 እጥፍ ያህል ውሃ ይፈሰስበት። የሞተውን በሰርዶ ተኩ፤ ሐምሌ ጥሩ ጊዜ ነው፣ ግንዱን በ20 ሴ.ሜ ርቀት ቅበሩት። ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት መረገጥ የለበትም። ስለዚህ ቦታውን በአጥር ለሁለት ክፈሉና አንዱን አሳርፉ። ሳያርፍ የሚቆይ የሣር ዓይነት አላውቅም።

የቀሃ ሰፈር፦
ግልጽ ነው፣ እናመሰግናለን። የሚነሣው ሰገራስ የት ይጣል? አጥሩንስ?

ዘአዘዞ፦
አጥሩን እኔ ልመልስ። 1.5 ሜትር ከፍታ ይበቃል። ከግርጌው ግን 50 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ሽቦ ወደ ውጭ አጥፋችሁ መሬት ላይ አስተኙትና ድንጋይ ጫኑበት። የሚቆፍር ውሻ የሚጀምረው አጥሩ ሥር ነው፤ እዚያው ሽቦውን ያገኘዋል፣ ወደ ኋላ ርቆ መጀመርን አያስብም። መግቢያው ሁለት በር ይኑረው፣ በመካከሉ 2 በ2 ሜትር፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈት፣ ማሰሪያውም እዚያ ይፈታ። በሩ ጥግ ላይ ከሆነ ወደ ጎኑ መካከል አዛውሩት፤ ጠብ የሚነሣው አዲስ የገባ ውሻ ጥግ ላይ ሲከበብ ነው። ምግብና በፍትወት ላይ ያለች ሴት ውሻ አይግቡ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርድ የሌለው አይገባም፤ በ3 ወር ይጀመራል፣ በየዓመቱ ይደገማል። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ውሻውን አትግደሉት፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ።

የእንስሳት ሐኪም፦
የሰገራው መጣያ ጉድጓድ ከወንዙ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ዝቅተኛው በኩልም አይሁን። ዋልካ ውሃ ስለሚይዝ አፉን 30 ሴ.ሜ ከፍ አድርጋችሁ በቆርቆሮ ክደኑት፣ አለዚያ በነሐሴ ሞልቶ ይፈሳል። በየቀኑ አፈር ይልበስ። በፌስታል ቋጥሮ የሚጥል ካለ ይከልከል፤ ፌስታሉ አይበሰብስም፣ ጉድጓዱም ቶሎ ይሞላል። ለጎመንና ለሰላጣ ማዳበሪያ ይሁን የሚል ቢመጣም አትፍቀዱ።