የማሆጋኒ ኮሞዲኖ ሰሪው በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤቶች። እዚህ ለንደን ከጨረታ ላይ ትልቅ ባለ አራት መሳቢያ የማሆጋኒ ኮሞዲኖ ገዛሁ። ሻጩ የታዋቂው እንግሊዛዊ አናጢ የቺፕንዴል ሥራ ነው ብሎ ምሎ ተገዝቶ ነው የሸጠልኝ። ቁልፉ ላይ «ብራማህ» የሚል ጽሑፍ አለ፣ ሌላ ምንም የለውም። የሚያውቅ ካለ ይርዳኝ።

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ብራማህ የቁልፍ ሰሪው ስም ነው እንጂ የአናጢው አይደለም። የቁልፉን ፓተንት (የፈጠራ መብት) ያወጣው በፈረንጆች 1784 ነው፣ ቶማስ ቺፕንዴል ደግሞ በ1779 ሞቷል። ቁልፉ በኋላ ካልተቀየረ በቀር ወሬው አይገጥምም። ደግሞም ቺፕንዴል ዕቃው ላይ ማኅተም አይመታም ነበር። ዕቃዎች የእሱ መሆናቸው በእርግጠኝነት የሚታወቀው እንደ ሄርዉድ ሀውስ ባሉ ትልልቅ ቤቶች ከተገኙ የሒሳብ ደረሰኞች ጋር ተመሳክረው ነው። ፈረንሳይ ማኅተም ግዴታ ነበር፣ እንግሊዝ ግን አልነበረም፣ ለዚህ ነው አብዛኛው ዕቃ ስም የለሽ የሆነው።

መልስ 2፦ መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጣና የፊቱን እንጨት የላይኛውን ጠርዝ በባትሪ እይ። ጊሎውስ የሚባለው የላንካስተር የቤት ዕቃ ሰሪ ድርጅት ብዙ ጊዜ ስሙን ይመታ የነበረው እዚያ ላይ ነው። የድርጅቱ ንድፍና የዋጋ መዝገብ ዌስትሚኒስተር ቤተ መዛግብት ስላለ ማመሳከርም ይቻላል።

መልስ 3፦ ማኅተም ብታገኝም ቶሎ አትፈንጥዝ። ኤድዋርድስ ኤንድ ሮበርትስ የሚባሉት የለንደን የቤት ዕቃ ሰሪና ሻጮች የሌላ ሰው አሮጌ ዕቃ ሲሸጡም ስማቸውን ይመቱ ነበር። ብሎኖቹንም ፍታ፤ ጫፋቸው ሹል ከሆነ ከ1840ዎቹ በኋላ የገቡ ናቸው።

ጠያቂው፦ ተባረኩ! ሻጩን ግን አልለቀውም።