የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ፦ በሰው አገር መውለድ

ፀሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለማኅበሩ የምናቀርበው ሐሳብ ረቂቅ ደርሷል። ርእሱን ለጊዜው «በምጥ ወይስ በኦፕራሲዮን?» ብዬዋለሁ። ሁለት ፊልም እናሳያለን፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ውይይት ይኖራል። ያልጣማችሁን ቁረጡ፤ ስትቆርጡ ግን ምትክ አምጡ።

አስተርጓሚዋ፦ እኔን ርእሱ ነው ያልጣመኝ። «ይሄ ወይስ ያ» የሚባለው ጥያቄው ለገባው ሰው ነው። አንድ ቀን ማዋለጃ ክፍል ዘግይቼ ደረስኩ። ሐኪሟ የሕፃኑን የልብ ምት፣ የቀዶ ሕክምናውን ጥቅምና ጉዳት፣ ጥቂት መጠበቅም እንደሚቻል ጭምር አስረድታ ጨርሳለች። ባልየው ወደ ሚስቱ ዞር አለና «ኦፕራሲዮን ነው የሚሉት፤ ፈርሚ» አላት። በቃ፣ ያ ሁሉ ማብራሪያ ይህችን ታህል ሆነ። እሷም ምጡ ፋታ ሲሰጣት እስክሪብቶውን ተቀብላ ፈረመች። ባልየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከዚያ በላይ የሚያስረዳበት ቃል አልነበረውም። ዝግጅታችን ይህችን ሴት ካላስታወሰ ምኑን ስለ ምርጫ አወራን?

የፊልም አርታዒው፦ እውነት ነው፤ የፊልሞቹም ጉድለት እዚያው ላይ ነው። «ዘ ቢዝነስ ኦፍ ቢይንግ ቦርን» (2008) ስለ ቤት ውስጥ ወሊድና ስለ አዋላጆች ይሟገታል፤ ዳይሬክተሯ አቢ ኤፕስቲን ራሷ በቀረጻው መሐል አርግዛ መጨረሻዋ ድንገተኛ ኦፕራሲዮን ሆነ፤ ያንንም ሳትደብቅ አሳይታዋለች። ለዚህ ሐቀኝነቷ ስል ፊልሙ ይግባ። ግን የምትከራከረው በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ነው።

ከጎኑ «ማሪያ ፉል ኦፍ ግሬስ» (2004) ይቁም። ነፍሰ ጡሯ ማሪያ ዕፅ በሆዷ ይዛ ከኮሎምቢያ ኒውዮርክ ትገባለች፤ ኤርፖርት ላይ ከኤክስሬይ የሚያስጥላት እርግዝናዋ ነው። በኋላ ክሊኒክ ሄዳ ልጇን በአልትራሳውንድ ታያለች፤ መጨረሻ ላይም ጓደኛዋ ወደ አገሯ በአውሮፕላን ስትሳፈር እሷ ትቀራለች። ምጥ የለበትም፤ «የት ልውለድ?» የሚለው ጥያቄ ግን አለበት።

ሰብሳቢ፦ ስለ ዕፅ የሚያወራ ፊልም ስናሳይ ሰው ስደተኛን ሁሉ በዚያ ዓይን እንዳያይ እሰጋለሁ። ከክሊኒኩ ጀምሮ ያለውን ብቻ ብናሳይስ?

የፊልም አርታዒው፦ ቆርጦ ማሳየት ታሪኩን ይገድለዋል። ሙሉውን እናሳይና ስጋትዎን በውይይቱ መክፈቻ ላይ እርስዎ ራስዎ ያንሱት። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ቤታችን ለማየት የከፈልነው ለአዳራሽ አይሠራም፤ የሕዝብ ማሳያ ፈቃድ ከባለመብቶቹ ይጠየቅ።

አዋላጅዋ፦ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት የሚቀጥለውን በምጥ ለመውለድ ብትፈልግ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ነገር ግን ማህፀኗ በየት በኩል እንደተቀደደ ማወቅ አለብን፤ ከታች አግድም የተቀደደውና ከላይ ወደ ታች የተቀደደው አደጋቸው እኩል አይደለም። ቆዳዋ ላይ ያለው ጠባሳ ደግሞ የውስጡን በእርግጠኝነት አይነግረንም። የሚነግረን የኦፕራሲዮኑ ማስታወሻ ነው። ስደት ላይ ያለች ሴት ያንን ወረቀት ከየት ታምጣ? ስለዚህ ምርጫዋ የሚጠበው አንዳንዴ በጠፋ ወረቀት ነው። ስለዚህ ጉዳይ የተሠራ ፊልም አላየሁም፤ ከፊልሙ በኋላ አሥር ደቂቃ ከሰጣችሁኝ እኔ እናገራለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ ምክር እናት የመረጠችው ሰው በምጥ ጊዜ አብሯት እንዲሆን፣ በሚገባት መንገድም እንዲነገራት ይላል። አብሮ መሆንና ማስተርጎም ግን ለየብቻ ናቸው። ባልየው እጇን ይያዝ፣ ትርጉሙን ለባለሙያው ይተው። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሐሳባችን ውስጥ ካልገባ እኔ አልፈርምም።

አስተርጓሚዋ፦ ሲስተር፣ አፌን ነው የነጠቁኝ! ከዚያ ጋር የሚሄድ ነገር ላምጣ። ግርጌ ላይ ትርጉም ስንጽፍ ተመልካቹ ከእናትየዋ ይልቅ ብዙ ያውቃል። አንዲት አምስት ደቂቃ መርጠን ሁለት ጊዜ እናሳይ፤ መጀመሪያ ያለ ትርጉም፣ ቀጥሎ ከነትርጉሙ። በመሐል «ምን ያሉ መሰላችሁ?» ብለን እንጠይቅ።

የፊልም አርታዒው፦ ይሄ ከፊልሞቹም ይበልጣል። ቋንቋው ግን አዳራሹ ውስጥ ማንም የማይሰማው መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ጨዋታው ይበላሻል።

ሰብሳቢ፦ ልጅ የሞተባት ወይም ያስወረዳት እናት ልትኖር ስለምትችል ምን እንደሚታይ አስቀድሞ ይነገር። መውጫው ዳር ያሉት ወንበሮች ይለቀቁ፤ ለሚወጡትም አንድ ሰው ይመደብ።

ፀሐፊ፦ እሺ። ርእሱን «ምን አሉሽ?» ብዬ ቀይሬዋለሁ፤ የሲስተር ዓረፍተ ነገር ገብቷል፤ የሁለት ጊዜው ማሳያም መክፈቻ ሆኗል። የፈቃዱን ደብዳቤ አርታዒው ይጽፋል። ሲስተር፣ የጠባሳውን ነገር በሦስት መስመር ጻፉልኝ፤ እኔ ስጽፈው «ማህፀን» የሚለውን «ሆድ» አድርጌው ተገኘሁ።