የውጭ አገር ተማሪዎችን ወደ አካል ጉዳተኛ ልጆች ማሳደጊያ ይዤ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ አስጎብኚው

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ አስጎብኚነትና አስተርጓሚነት ሲሆን፣ በየክረምቱ ከመምህራኖቻቸው ጋር የሚመጡ የውጭ አገር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ተቀብዬ ብሔራዊ ሙዚየምን፣ እንጦጦንና መርካቶን አስጎበኛለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሚልኩልኝ የጉዞ ፕሮግራም ላይ «ግማሽ ቀን በሕፃናት ማሳደጊያ» የምትል መስመር አትጠፋም።

ባለፈው ሐምሌ 16 ተማሪዎችን ይዤ፣ ከሱሉልታ መንገድ ገባ ብሎ ወደሚገኝ አካል ጉዳተኛ ልጆች የሚያድጉበት ግቢ ሄድኩ። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ ስላደረ ሚኒባሱ ከአስፋልቱ እንደወጣ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንደርሳለን ብለን አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ደረስን። ልጆቹ የዓመት በዓል ልብሳቸውን ለብሰው፣ የሚበዙት ዊልቸር ላይ እንደተቀመጡ፣ በረንዳው ላይ ተደርድረው ጠበቁን። ተማሪዎቹ ዘፈኑ፣ ፊኛ ነፉ፣ ካራሜላ አደሉ፣ ፎቶ ተነሡ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁሉም አለቀ።

ስንወጣ ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ የአንዷን ተማሪ እጅ ይዛ «ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትመጪው?» ብላ ጠየቀቻት። ተማሪዋ ወደ እኔ ዞራ ምን እንዳለቻት እንድነግራት ጠበቀች። እኔም «በጣም ወድጄሻለሁ ነው የምትልሽ» ብዬ ተረጎምኩላት። ተማሪዋ በደስታ አለቀሰች፤ ልጅቷ ግን መልሷን እየጠበቀች ቀረች። በዚህ ሥራ ላይ ስኖር ብዙ ንግግር አለስልሼ አሳልፌያለሁ፤ ይህችኛዋ ግን ከሕሊናዬ አልወጣ አለች።

ለመጪው ሐምሌ ደግሞ 22 ተማሪዎችን የሚልክ ሌላ ትምህርት ቤት ያንኑ ጉብኝት ጠይቆኛል። የማሳደጊያው ኃላፊ በበኩላቸው፣ እንግዶች ሰጥተው የሚሄዱት ዳይፐርና ገንዘብ ክረምቱን እንደሚያሻግራቸው ነግረውኝ፣ እንዳላስቀርባቸው ለምነውኛል። ጉብኝቱን ከፕሮግራሙ ባወጣው ልጆቹን እጠቅማለሁ ወይስ እጎዳለሁ? መሄዱ የማይቀር ከሆነስ ምን መለወጥ ይኖርብኛል? በሥራው ውስጥ ያላችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

ጠያቂያችን፣ ልጆቹ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ዊልቸር ላይ መቀመጣቸውን ሲጽፉ እንደ ቀላል ነገር አልፈውታል፤ እኔ ግን ንባቤን ያቆምኩት እዚያ ላይ ነው። ስፓይና ቢፊዳ ያለባቸው፣ ማለትም የአከርካሪ አጥንታቸው ገና በማኅፀን ሳሉ ሳይገጥም የቀረባቸው ልጆች፣ ብዙዎቹ በመቀመጫቸውና በእግራቸው ላይ ስሜት የላቸውም። እኔና እርስዎ ብዙ ስንቀመጥ ይደነዝዘንና ሳናስበው እንገላበጣለን፤ እነሱ ግን ስለማይታወቃቸው፣ ሌላ ሰው በየጊዜው ካላነሣቸው ወይም በእጃቸው ተደግፈው ብድግ ማለትን ካልለመዱ ቆዳቸው በዚያው ይቆስላል። የመቀመጫ ቁስል በሰዓታት ጀምሮ ለመዳን ወራት የሚፈጅ ነገር ነው። እንግዳው ሲዘገይ ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ አስቡት።

ተማሪዎቹ የነፉት ፊኛም ያሳስበኛል። እነዚሁ ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ደጋግመው ቀዶ ሕክምና ስለሚደረግላቸውና ብዙዎቹ ሽንታቸው በቱቦ ስለሚወጣ፣ የሕክምና ጓንትና ቱቦ ከሚሠራበት ላቴክስ ከተባለው ጎማ ጋር ያላቸው ንክኪ ብዙ ነው፤ በዚህም የተነሣ ከሌላው ሰው እጅግ በበለጠ ለላቴክስ አለርጂ ይጋለጣሉ። ፊኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከዚሁ ነው። ሽፍታ ብቻ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል፤ ትንፋሽ የሚያሳጥር አደጋም ሊሆን ይችላል።

የምግብ ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ ደግሞ አደራ። አስጎብኚዎች የጉርሻን ባህል አሳምራችሁ ስለምታስረዱ፣ እንግዳው ሁሉ ልጅ ማጉረስ ያምረዋል። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት፣ ማለትም በአንጎል ጉዳት የተነሣ ጡንቻዎቹን ማዘዝ የሚያስቸግረው ልጅ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ወይም በጀርባው ተኝቶ ከጎረሰ፣ ምግቡ ወደ ሳንባው ገብቶ የሳንባ ምች ሊያመጣበት ይችላል። ሥራውን የምታውቀው ሞግዚት ቀጥ አድርጋ ታስቀምጠዋለች፣ አገጩን ትንሽ ዝቅ ታደርጋለች፣ ማንኪያውን ከፊት ለፊት ታቀርባለች፣ መዋጡን ሳታይ ሁለተኛውን አትሰጠውም። ለአንድ ልጅ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅባት አይደንቅም። አንድ ጊዜ አንዲት ቅን ወጣት ሙዝ ስታጎርስ ልጁ ትን ብሎት ከንፈሩ ሲጠቁር ደርሻለሁ። ልጁ ተረፈ፤ ወጣቷ ግን ሙዙ ለምን ከእጇ እንደተነጠቀ ሳይገባት ነው የሄደችው።

ተማሪዎቹ ገንዘብ አዋጥተው የሚመጡ ከሆነ፣ ዊልቸር ገዝተው በሻንጣ እንዳይጭኑ ይንገሯቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ እንደሚለው ዊልቸር ለተጠቃሚው ተለክቶና ተስተካክሎ መሰጠት አለበት። ለአዋቂ የተሠራ ዊልቸር ላይ የተቀመጠ የስድስት ዓመት ልጅ ወደ አንድ ጎን ተጋድሞ ሲውል ጀርባው ይጣመማል። ትራስ፣ ጥገና፣ የአንድ ሞግዚት የወር ደመወዝ ከዚያ ይሻላል።

መልስ፦ ባለክራንቹ

እኔ ያደግሁት እንደዚያ ባለ ግቢ ነው፤ ከሰባት ዓመቴ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቴ። ስለዚህ ከበረንዳው በኩል የሚታየውን ልጻፍልዎ።

በቋንቋችን ጠያቂና ጎብኚ ለየቅል ናቸው። ጠያቂ የሚሄደው ወደሚያውቀው ሰው ነው፤ ቁጭ ብሎ «እንዴት ሰነበትክ? እግርህንስ እንዴት ነው?» ይላል፣ የቀረበለትን ቡና ይጠጣል፣ ሳምንት ባይመለስ «ምን ሆኖ ነው?» ተብሎ ይታሰባል። ጎብኚ የሚመጣው ለማየት ነው፤ ሙዚየም ይጎበኛል፣ ፋብሪካ ይጎበኛል። እኛን «ሊጎበኙን» ሲመጡ ጠያቂ የመጣልን መስሎን ነበር፤ ልጅቷ «ነገ በስንት ሰዓት?» ያለችው ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል።

በእኔ ጊዜ የውጭ አገር ጉዲፈቻ አልተከለከለም ነበር። ፈረንጅ በበሩ በገባ ቁጥር የሚወስደን የመጣ ይመስለን ስለነበር፣ ፊታችንን ታጥበን፣ ክራንቻችንን ከግድግዳው ኋላ ደብቀን በእጃችን ወንበር ተደግፈን እንቆም ነበር። እኔ ለአሥር ደቂቃ መቆም እችል ነበር። ሕጉ በ2010 ዓ.ም. ተሻሽሎ ጉዲፈቻው ቢቆምም፣ ዛሬ አልፎ አልፎ በምሄድበት ግቢ ወሬው ከትልልቆቹ ወደ ትንንሾቹ እየተላለፈ እስካሁን አለ።

ስለ ማቀፍም ላንሣ። ጎብኚዎች «ልጆቹ ሮጠው አቀፉን፣ ፍቅር የተራቡ ናቸው» ይላሉ። እኔ በማቀፍ የታወቅሁ ነበርኩ፤ ቀድሞ ያቀፈ ቀድሞ ካራሜላ ያገኛልና። ሆኖም ካራሜላው ካለቀ በኋላም ያላቀፍኩት ሰው አልነበረም፤ አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ ማንን ማመን እንዳለብኝ ለመለየት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ይህን በፈረንጅ ብቻ መለጠፍ ግን ግፍ ነው። ልደቱንና ምርቃቱን ማሳደጊያ ውስጥ አክብሮ፣ ኬክ ሲያጎርስ የተቀረፀውን ቲክቶክ ላይ የሚለጥፈው የአገራችን ሰው ነው። በገና ሰሞን በአንድ ሳምንት ሦስት ኬክ በልተን ሆዳችንን የታመምንበት ጊዜ አለ፤ ነሐሴ ላይ ግን ሽሮው ራሱ ይቀጥን ነበር።

ምክሬ አጭር ነው፤ ለልጅቷ ያልተረጎሙላትን መልስ ሄደው ይንገሯት። «አገሯ ሩቅ ነው፣ አትመለስም» ማለት ያስለቅሳታል፤ በር በሩን ማየቷን ግን ያስቆማል።

መልስ፦ የማሳደጊያ ሒሳብ ሠራተኛ

ከላይ የተባለውን ሁሉ አከብራለሁ፤ ነገር ግን «ይቅርባችሁ» ለማለት የሚፈጠረውን ጉድለት የሚሞላ ሰው መኖር አለበት። እኔ በምሠራበት ቦታ ዳይፐር ሲያልቅ ጨርቅ ቀደን እናጥባለን፤ በክረምት ጨርቁ አይደርቅም፣ ያልደረቀ ጨርቅ የታሰረለት ልጅ ቆዳው ይላጣል። ይህን እያየ ኃላፊው ለጎብኚ በሩን ቢከፍት አልፈርድበትም።

እኔን የሚያናድደኝ ገንዘቡ ከጉብኝቱ ጋር መታሰሩ ነው። ልጆቹ ተዘጋጅተውና ፈገግ ብለው ካልታዩ እርዳታው አይመጣም የሚል ያልተጻፈ ውል አለ። ጠያቂያችን አንድ ነገር ማድረግ ከቻሉ ትምህርት ቤቱን ይህን ይጠይቁት፦ ተማሪዎቹ ባይገቡም መዋጮውን በየወሩ ከፋፍሎ፣ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ይልካል ወይ? መልሱ «አይ» ከሆነ የሚገዛው ነገር ምን እንደሆነ ያውቁታል።

መልስ፦ ጠበቃ

ፎቶውን በተመለከተ ብቻ ልመልስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ፈቃድ የሚሰጠው አሳዳሪው ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን እንደፈለገው የሚያድለው ነገር አይደለም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የግል የበጎ አድራጎት ተቋማትም ጭምር ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃቸው ሁሉ የልጁን ደኅንነት እንዲያስቀድሙ ያዛል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 22 የግል ሕይወት መከበርን ሲደነግግ፣ ሰውየው የትም ቦታና በምንም ዓይነት የአኗኗር ሁኔታ ቢኖር የሚል ቃል ጨምሯል። ማሳደጊያ ውስጥ መኖር ልጁን የአደባባይ ንብረት አያደርገውም ማለት ነው። ስለዚህ በር ላይ ስልክ ይሰብስቡ። «ፊታቸውን አደብዝዘን እንለጥፋለን» የሚል ካለ፣ ግቢው፣ ዊልቸሩና የልጁ ታሪክ ባንድ ላይ ሲታዩ ማንነቱን ለማወቅ ፊት እንደማያስፈልግ ይንገሩት።

መልስ፦ መምህርቷ ከባሕር ማዶ

እኔ ከሌላው ወገን ነኝ፤ ተማሪ ይዤ ከምመጣው። የመጀመሪያውን ጉዞ ስናቅድ ተማሪዎቼ ማሳደጊያ እንዲገባበት ሲወተውቱ፣ «እዚሁ በከተማችን ወዳለው የአካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት ቤት ነገ ጠዋት ሄደን፣ ልጆች አቅፈን ፎቶ እንነሣ?» አልኳቸው። ሳቁ። እዚህ ያለ ወንጀል ማጣሪያና ያለ ወላጅ ፈቃድ በሩን እንደማያልፉ ያውቃሉ። «ታዲያ እዚያ ለምን ይቻላል?» ስላቸው ዝም አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳለፈው የሕፃናት መብት ውሳኔ፣ መንግሥታት ከቱሪዝም ጋር ተያይዞ በማሳደጊያዎች የሚደረግ የበጎ ፈቃድ ሥራ የሚያስከትለውን ጉዳት እንዲከላከሉ ጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት 136 የማሳደጊያ ሕፃናትን ይዞ የተጀመረውን ጥናትም አብረን አንብበናል፤ ጥናቱ ያሳየው፣ በማሳደጊያ ያደጉ ልጆች ለማያውቁት ሰው ሁሉ ያለ ልዩነት መቅረባቸው፣ ባለክራንቹ ከላይ የጻፉት ነው፤ እሳቸው በተሻለ ቋንቋ ገልጸውታል።

በመጨረሻ ያደረግነው ይህ ነው። ተማሪዎቼ እ.ኤ.አ. በ2017 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ስላገኘችው ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ ስለ የትነበርሽ ንጉሤ አንብበው መጡ፤ አዲስ አበባ ሲደርሱ ክራንችና የእግር ድጋፍ ከሚሠሩ፣ ራሳቸውም አካል ጉዳተኛ ከሆኑ ባለሙያዎች ጋር አንድ ቀን ዋሉ፤ ልጅ አላዩም። አንዱ ተማሪ ጠዋቱን ሙሉ ከንቱ ነገር እየጠየቀ አዋረደኝ፤ ከሰዓት በኋላ ግን መሰርሰሪያ ሰጥተውት ሥራ ላይ ዋለ።

አስጎብኚው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለትምህርት ቤቱ ዛሬ ጽፌያለሁ፤ የማሳደጊያው ግማሽ ቀን ከፕሮግራሙ እንደወጣ፣ በምትኩ የድጋፍ መሣሪያ ወርክሾፕ እንደማመቻች፣ መዋጮውን ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛው እንዳሉት በአራት ወር ተከፍሎ በቀጥታ ለማሳደጊያው እንዲላክ ጠይቄያለሁ። መምህሩ ስለ መዋጮው ከወላጆች ጋር እንደሚነጋገሩ መልሰዋል፤ ተማሪዎቹ ቅር እንደሚላቸውም አልሸሸጉም። ለማሳደጊያው ኃላፊ በስልክ መንገር ስለከበደኝ እሑድ ሄጄ በአካል አነጋግራቸዋለሁ፤ ከልጅቷ ጋርም ያለብኝን ትርጉም እዚያው አወራርዳለሁ።

ፊኛን በተመለከተ፣ ባለፈው ዓመት ሳይነፋ የቀረው አንድ ከረጢት መጋዘን ውስጥ እንደተቀመጠ አስታውሳለሁ። ነገ ደውዬ እንዲያስወግዱት እነግራቸዋለሁ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

ሲደውሉ ዳይፐር ሲቀይሩ የሚያደርጉትን ጓንትም ይጠይቁልኝ። ማሸጊያው ላይ ላቴክስ የሚል ከሆነ እርሱም መቀየር አለበት።