የቆሮሶ ዓሦቼ አፋቸውን ከውሃው በላይ እያወጡ ይተነፍሳሉ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ፣ ግቢ ውስጥ ባለ 1000 ሊትር ታንከር 40 ቆሮሶ አሉኝ፤ እያንዳንዳቸው 150 ግራም ገደማ ናቸው። ውሃው በፓምፕ ጠጠር አልጋ ላይ ወጥቶ፣ ቆስጣና ሰላጣ አጠጥቶ ይመለሳል። አሁን ምግብ አይነኩም፤ በተለይ ጠዋት ውሃው የሚወርድበት ቧንቧ ሥር ይታፈጋሉ። የሞተውን ዓሣ ጉንጭ ገልጬ ሳይ ስንጥቡ ደም መምሰሉ ቀርቶ የቡና አተላ መስሏል። ቁስልም ነጭ ነጥብም የለም።

የውሃው ልኬት፦ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 8.2፣ አሞኒያ 1፣ ናይትራይት 2 ሚሊግራም በሊትር፣ ናይትሬት የለም ማለት ይቻላል፣ ሙቀት 24 ዲግሪ። ናይትራይት ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ የስንጥቡ ቀለም ከዚያ ይመስለኛል። ፒኤቹ ከፍ ማለቱ ደግሞ አሞኒያውን ይበልጥ መርዛማ ያደርገዋል። ምግብ አቁሜያለሁ፤ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት በርሜል ያሳደርኩት ውሃ አንድ ሦስተኛውን ቀይሬያለሁ።

የጨነቀኝ እዚህ ላይ ነው። ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥብ እንዳይገባ ስለሚከለክል፣ አዮዲን ያልገባበት የአፋር ጨው አንድ ኪሎ ልጨምር አስቤያለሁ፤ ቆስጣው ይችለዋል፣ ሰላጣው ግን ይቋቋማል? መብራት ሌሊት ሲጠፋ ፓምፑ ስለሚቆም፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከታንከሩ ዓሦች ሌላ አሞኒያውንና ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚቀይረውን የጠጠሩን ባክቴሪያም ያድናል?

ደሴም ሆነ እዚህ የቆየ፣ ጤነኛ አልጋ ያላችሁ፣ እባካችሁ ባክቴሪያው እንዲዛመት አንድ ባልዲ እርጥብ ጠጠር ስጡኝ፤ መጥቼ እወስዳለሁ።